በሳምንት ያጠራል የተባለው ቅባት

ፊቷ ላይ ማድያት የወጣባት ሴት መካሪ አታጣም። ጎረቤቷ ሎሚ በማር ቀቢበት ትላታለች። ፀጉር ቤት ስትሄድ ፀጉሯን የምትሠራላት ልጅ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ትንሽ ዕቃ ከመሳቢያ አውጥታ ታሳያታለች። አክስቷ «ጉበትሽን ታዪ፣ ማድያት ከጉበት ነው» ትላለች። ፋርማሲው ውስጥ የቆመው ሰው ደግሞ ጥያቄ ሳያበዛ ከመደርደሪያው አንድ ቱቦ ያወርድላታል፤ «ማታ ማታ ተቀቢው፣ በሳምንት ያጠራዋል»። ቴሌግራም ላይ ያለውማ አይነሣ፤ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ፣ የስልክ ቁጥር፣ «ያሉበት ድረስ እናደርሳለን»።

እነዚህ ሁሉ በመድኃኒቱ አይስማሙም እንጂ በአንድ ነገር ልባቸው አንድ ነው። ለሁሉም ጥቁር ነጥብ ማለት ቆዳ ላይ የተቀመጠ፣ ተፍቆ ወይም ተልጦ የሚነሣ ነገር ነው። ቶሎ ያነሣው መድኃኒት ጎበዝ ነው፤ የዘገየው አይረባም። ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዳ «ሦስት ወር ታገሺ» የተባለች ሴት ሐኪሙ አላወቀበትም ብላ ወደ ፀጉር ቤቷ ልጅ የምትመለሰው ለዚህ ነው። የኔ ክርክር ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው። ጥቁር ነጥብን በሳምንት ውስጥ የሚያጠፋ ቅባት ሲያጋጥመን መጠየቅ ያለብን «ከየት ገዛሽው?» ሳይሆን «ምን ቢኖርበት ነው?» የሚለውን ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የቆዳውን ነገር እንጨርስ። የላይኛው የቆዳ ንጣፍ መሠረት ላይ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ሜላኒን የተባለውን ቀለም መሥራትና በዙሪያቸው ላሉ ሕዋሳት ማደል ነው፤ አንዱ ሜላኖሳይት ከ30 እስከ 40 ለሚሆኑ ጎረቤቶቹ ያድላል። ቀለሙ የደረሰው ሕዋስ በውስጡ ያለውን ዘረ መል እንደ ጃንጥላ ይጋርድበታል። የሜላኖሳይቶቹ ቁጥር በጥቁሩም፣ በጠይሙም፣ በቀዩም፣ በፈረንጁም ቆዳ ላይ ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው የሚያመርቱት ቀለም ዓይነትና መጠን፣ ቀለሙን የሚይዙት ከረጢቶች ትልቅነትና አበታተን ነው። ስለዚህ ፊታችን ላይ የምናየው ጥቁር ነጥብ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ እድፍ አይደለም። እዚያ ቦታ ያሉት ሕዋሳት አንድ ነገር አስቆጥቷቸው ከመጠን በላይ ሠርተዋል ማለት ነው።

የሚያስቆጣቸው ብዙ ነው። ብርሃን አለ። እርግዝና አለ፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒንም እንዲሁ። በዘር የመጣ ተጋላጭነት አለ፤ እናቷ ማድያት የነበረባት ልጅ እሷም ላይ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ ሌላ ደግሞ ቁስል ሁሉ አለ፦ ብጉር፣ ሽፍታ፣ የትንኝ ንክሻ፣ የካውያ ቃጠሎ፣ ወንዶች አገጭ ላይ ምላጭ የሚተወው ቁጣ። ማድያት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኙን ተካክሎ ጉንጭ፣ ግንባርና ከላይኛው ከንፈር በላይ ይወጣል። ብጉር ወይም ቁስል የተወው ጥቁረት ግን ቁስሉ የነበረበት ቦታ ላይ ብቻ ይቀመጣል። የጉበትን ነገር ካነሣን፣ የጉበት ሕመም ቆዳን የሚያጠቁርበት ጊዜ አለ፤ ግን እንዲህ ሁለቱን ጉንጭ መርጦ አይደለም። ሌላ ምልክት የሌላት ሴት በማድያት ምክንያት ብቻ ለጉበት ምርመራ የምታወጣው ብር ለሌላ ነገር ይጠቅማታል።

ጥልቀቱም ይለያያል። ቀለሙ በላይኛው ንጣፍ ውስጥ ከሆነ ያ ንጣፍ በአንድ ወር ወይም ከዚያ ትንሽ ዘለግ ባለ ጊዜ ራሱን ስለሚያድስ፣ ቁጣው ከቆመ ነጥቡ በወራት ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል። ወደ ታችኛው ንጣፍ የወረደ ቀለም ግን ዓመታት ይቆያል። ይህንን በጣት ዳስሶ ማወቅ አይቻልም፤ የፀጉር ቤቷም ልጅ፣ የቴሌግራሙም ነጋዴ አያውቁትም። ሁለቱም ግን ለሁሉም ደንበኛ ያንኑ «በሳምንት» ይላሉ።

ነጥቡ የተቆጣ ሕዋስ ሥራ ከሆነ ቆዳን የሚያቃጥል፣ የሚፍቅና የሚልጥ ነገር ሁሉ ሕዋሱን እንደገና ያስቆጣዋል። ሎሚን እንውሰድ። «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምን ይጎዳል?» ይባላል። በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ብርሃን ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው በቀናት ውስጥ ቆዳው ሊቀላ፣ ውሃ ሊቋጥር፣ በመጨረሻም ወራት የሚቆይ ጥቁረት ሊወጣበት ይችላል። ማድያት ያጠፋል ተብሎ የተቀባው ሎሚ ራሱ ጥቁር ነጥብ ይሠራል ማለት ነው። ጤና አዳምም ውስጥ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቡና ውስጥ መንከሩ ሌላ፣ ጨቅጭቆ ፊት ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ሌላ። በጨው፣ በስኳርና በቡና አተላ ፊትን መፈተግም፣ ብጉር ላይ የጥርስ ሳሙና መለጠፍም ከዚሁ ይመደባሉ። ጉዳታቸው ከቱቦው ያነሰ ነው፤ ለዚህም ብዙ አልቆይባቸውም።

ወደ ቱቦው እንምጣ። እዚህ ላይ የሚነሣው መከራከሪያ አንድ ነው፦ «ለኔ ሠርቶልኛል»። ይህንን ማስተባበል አይቻልም፤ እውነት ነውና። ቱቦውን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ፣ ወይም ቤታሜታሶን ዳይፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ ነው። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። የተሠሩት ጉልበትና ክርን ላይ ለሚወፍር የሶራይሲስ ቅርፊት፣ በሌላ ላልበረደ ከባድ የቆዳ ቁጣና ለመሳሰለው ነው። በተለይ ክሎቤታሶል ከቆዳ ስቴሮይዶች ሁሉ በኃይለኛነት የመጀመሪያው መደብ ውስጥ ነው። አብሮት የሚመጣው የአምራቹ ወረቀት ራሱ፣ ያንን ወረቀት አውጥቶ የሚያነብ ቢኖር፣ ከ2 ተከታታይ ሳምንት በላይ እንዳትጠቀሙት፣ በሳምንት ከ50 ግራም እንዳታሳልፉ፣ ፊት ላይም እንዳትቀቡት ይላል።

ታዲያ እንዴት ያጠራል? ስቴሮይድ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቆዳው ወዲያው ይገረጣል፤ እንዲያውም የእነዚህን ቅባቶች ኃይል የሚለኩት ቆዳን ምን ያህል እንደሚያገረጡ በማየት ነው። ቁጣን ስለሚያፍን ብጉሩ ይሟሽሻል። ሜላኖሳይቱንም ሥራ ያስፈታዋል። እነዚህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲገጥሙ ፊት ያምራል፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ምን ተቀብተሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበዛል፤ ቱቦውም በዚያው ወደ ሦስት ሌሎች ቤቶች ይዛመታል። የ«በኋላ» ፎቶ የሚነሣው በነዚህ ሳምንታት ውስጥ ነው። በስድስተኛው ወር የተነሣ ፎቶ የሚለጥፍ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

በስድስተኛው ወር የሚሆነውን ልንገራችሁ። ቆዳው ሳስቷል። ጉንጭ ላይ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ክር ይታያሉ። አፍ ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር ፈልቷል፤ ፊት ላይ ያልነበረ ፀጉር ይበቅላል። ፀሐይ ስትነካው ያቃጥላል፤ ወጥ ስትሠራ የምድጃው ሙቀት እንኳ ይለበልባታል። «ይብቃኝ» ብላ ስታቆመው ደግሞ ፊቷ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል፤ ማድያቱም ከበፊቱ ጠቁሮ ይመለሳል። መልሳ ስትቀባው በሁለት ቀን ይበርድላታል። ከዚህ በኋላ ቅባቱ መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ሱስ ሆኗል። ሕንድ ውስጥ ይህ ነገር ከመብዛቱ የተነሣ ሐኪሞቹ «በስቴሮይድ የተጎዳ ፊት» ብለው ራሱን የቻለ የሕመም ስም አወጡለት። በዚያም አገር ታሪኩ እንደኛው ነው፤ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ቱቦ፣ የጎረቤት ምክር፣ ለማስታወቂያ የተነሣ ፎቶ።

ፊት ላይ ሲሆን የሚብሰው ለምን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1967 ፌልድማንና ማይባክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለክተውታል። ክንድ ላይ የተቀባ ስቴሮይድ ወደ ሰውነት የሚገባበትን መጠን እንደ 1 ከወሰድን፣ በግንባር የሚገባው 6 እጥፍ፣ በመንጋጋ የሚገባው 13 እጥፍ ነው። ለክንድ የታሰበውን መጠን አገጯ ላይ የምትቀባ ሴት ምን እያደረገች እንደሆነ አስቡት። መላ ሰውነቷን ለወራት የምትቀባ ደግሞ ጉዳቱ ቆዳ ላይ አይቆምም፤ የደም ግፊትና የስኳር መጠን ሊጨምር፣ ፊቷ ሊነፋ፣ ሰውነቷ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን ሊቋረጥ ይችላል። ጭርት ላይ የተቀባ እንደሆነም መቅላቱንና ማሳከኩን አጥፍቶ ፈንገሱን እያሰፋ ይሄዳል፤ ሐኪም ዘንድ ሲደረስ ጭርት መሆኑ እንኳ አይለይም።

በእነዚህ ማጥሪያ ቅባቶች ውስጥ ከስቴሮይድ ቀጥሎ የሚገኘው ሁለተኛው ነገር ሃይድሮኪኖን የሚባለው ነው፤ ታሪኩ ከሁሉም ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. በ1939 አሜሪካ ውስጥ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ በተለይ ጥቁሮቹ፣ እጃቸውና ክንዳቸው ላይ ቀለማቸው እየጠፋ ነጭ ሆነ። ሲመረመር ጥፋቱ የሥራ ጓንታቸው ሆኖ ተገኘ፤ ጎማው እንዳያረጅ የተጨመረበት የሃይድሮኪኖን ዘመድ የሆነ ኬሚካል ነበር። የሠራተኞቹ ጉዳት ለሌላው ዓለም የንግድ ሐሳብ ሆነ። እዚያ ላይ በአደጋ የጠፋውን ቀለም እዚህ ሆን ተብሎ ለማጥፋት የሚሸጡ ቅባቶች ገበያውን ሞሉት።

ደቡብ አፍሪካ የዚህን ዋጋ ከማንም በላይ ከፍላለች። ሃይድሮኪኖን ያለባቸውን ቅባቶች ለዓመታት የተጠቀሙ ሰዎች ጉንጫቸውና ዓይናቸው ሥር ሰማያዊ ጥቁረት ያለው፣ ሲዳሰስ የሚሻክር ጥቃቅን ፍሬ የሞላበት ቆዳ ይዘው ሆስፒታል ይመጡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንድሌይና ባልደረቦቹ ኦክሮኖሲስ የሚባለውን ይህን ጉዳት ከቅባቱ ጋር አያይዘው ጻፉ። መንግሥት መጀመሪያ የሃይድሮኪኖኑን መጠን ወደ 2 በመቶ ዝቅ አደረገ፤ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1990 ከመዋቢያ ቅባቶች ጭርሱን አገደው። ለማጥራት የተቀቡት ቅባት ማንም ሐኪም በቀላሉ የማይመልሰው ጥቁረት ሠራ፤ የባሰው ደግሞ ሰዎቹ ጥቁረቱን ሲያዩ «መጠኑ አንሶኝ ነው» ብለው ቅባቱን መጨመራቸው ነበር።

እዚህ ላይ ለሃይድሮኪኖን ፍትሕ ልስጠው። በሐኪም እጅ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በተለካ መጠን እስካሁን ከማድያት መድኃኒቶች ዋነኛው ነው። ክሊግማንና ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1975 ሃይድሮኪኖንን፣ ትሬቲኖይንንና ስቴሮይድን የቀየጡበት ቀመር ዛሬም መጠኑ ተስተካክሎ ይታዘዛል። አዎ፣ ስቴሮይድም አለበት፤ ግን ደካማው ዓይነት፣ ለሳምንታት ብቻ፣ ሐኪም እያየው። ስለዚህ ክርክሬ «ኬሚካል ነው፣ አትንኩት» ከሚሉት ጋርም አይገጥምም። ያው ንጥረ ነገር በሐኪም ቀጠሮ ሲሰጥና በፀጉር ቤት መሳቢያ ሲሸጥ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ሦስተኛው፣ ሜርኩሪ፣ ግን ምንም ይግባኝ የለውም። ቀለም የሚሠራውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ያነጣል፤ በቆዳ በኩል ገብቶ ደግሞ ኩላሊት ይመታል። እ.ኤ.አ. በ1972 ናይሮቢ፣ ኬንያታ ሆስፒታል ውስጥ፣ ኩላሊታቸው ፕሮቲን እያፈሰሰ ሰውነታቸው ያበጠ 60 ሕሙማን ሲጠየቁ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሜርኩሪ ያለበት ማንጫ ቅባት ይቀቡ እንደነበር ተናገሩ። ናይሮቢ ሩቅ አይደለም። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ከገበያ እንዲወጡ ያስገድዳል፤ ግን ስም አልባ ዕቃ ውስጥ ተቀይጦ የሚሸጥ ቅባት ውል አያነብም። «ከዓረብ አገር የመጣ ነው» የሚለው ምስክርነትም ውስጡ ምን እንዳለ አይነግረንም፤ የሚነግረን የአውሮፕላን ጉዞውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ትልቅ እምነት ልሻገር፦ «ሰንስክሪን የፈረንጅ ነገር ነው፤ ጥቁር ቆዳ ፀሐይ ምን ያደርገዋል?» ይህን የሚል ሰው ሞኝ አይደለም፤ ግማሽ እውነት ይዟል። ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የጥቁሮች የላይኛው ቆዳ ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጠው መከላከያ በሰንስክሪን ቁጥር ሲሰላ በአማካይ 13 ገደማ፣ የነጮቹ ደግሞ 3 ገደማ መሆኑን ለካ። ፀሐይ የምታመጣው የቆዳ ካንሰርም በጥቁሮች ላይ ከነጮች ይልቅ እጅግ ጥቂት ነው። ክርክሩ ስለ ካንሰር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ።

ግን ክርክሩ ስለ ቀለም ነው። ሜላኖሳይቱ ለብርሃን መልስ የሚሰጥ ሕዋስ ነው፤ ደህና ቀለም መሥራት የሚችል ቆዳ ደግሞ መልሱም ብርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዲትሮይት ላይ የተሠራ ጥናት ይህንን በግልጽ አሳየ። ተመራማሪዎቹ በጠይምና ጥቁር ሰዎች ቆዳ ላይ በዓይን የሚታየውን ተራ ብርሃን ሲያበሩ ቆዳው ጠቆረ፣ ጥቁረቱም ሰነበተ፤ በነጭ ሰዎች ቆዳ ላይ ያው ብርሃን ምንም አላደረገም። ስለዚህ ማድያት ላለበት ሰው ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ነፃ የሚያወጣ ፈቃድ አይደለም፤ እንዲያውም ፈረንጁ የማያሳስበው ብርሃን እኛን ያሳስበናል። ተራው ነጭ ሰንስክሪን ቁጥሩ 50 ቢሆንም ይህን የሚታይ ብርሃን አይይዘውም። የሚይዘው የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም የመሰለው ዓይነት ነው። ያው ብረት ኦክሳይድ ሴቶቻችን ቦርሳ ውስጥ ባለው ፋውንዴሽን ውስጥም ይገኛል፤ ማድያት ያመጣል እየተባለ የሚወቀሰው ሜካፕ ከሰንስክሪን በላይ ሲደረብ ማድያቱን የሚያግዝ ሆኖ መገኘቱ ያስቀኛል።

የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ፀሐይን የሚለካው በሙቀት ነው፤ ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ የለሰለሰች ይመስለዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። የክረምት ደመናም ጨረሩን ሁሉ አያስቀርም። መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ቢያስቀርም የሚያጠቁረውንና የሚታየውን ብርሃን ያስገባል፤ ቀኑን ሙሉ ጋቢና የሚቀመጥ የሚኒባስ ሾፌርና መስኮት ሥር ጠረጴዛዋ የተሰጣት የባንክ ሠራተኛ ውጭ እንደዋሉ ይቁጠሩት።

«ሰንስክሪኑ ውድ ነው» ለሚለው መልስ የለኝም፤ ውድ ነው። በቤተሰብ የወር አስቤዛ መሐል ሰንስክሪን ማስገባት ለብዙው ሰው ቅንጦት ነው። ግን እናቶቻችን ለቅሶ ሲሄዱም፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም የሚይዙት ጥላ ከማንኛውም ቅባት በፊት የሚመጣ መከላከያ ነው፤ ወጣቶቹ «የባልቴት ነው» ብለው የተዉት ነገር። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣም እንዲሁ። ስስ ነጠላ ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ ብዙ አትመኩበት። ገንዘብ ያላት ሴት ገንዘቧን መጀመሪያ በሰንስክሪን ላይ ታውጣ፤ ማጥሪያ ቅባት ቢታዘዝላት እንኳ ፀሐይ ላይ ሳይጋረዱ ከዋሉ ማታ የተቀቡት ቀን ይፈርሳል።

ከዚህ በኋላ ሕክምናው የሚሰጠው ቃል ትሑት ነው። አዜላይክ አሲድ አለ፤ ቀስ ይላል፣ ግን እርጉዝ ሴትም ልትጠቀምበት የምትችለው ነው። ትሬቲኖይንና ሃይድሮኪኖን በእርግዝና ጊዜ አይነኩም። ደም መፍሰስን ለማቆም በጃፓን የተገኘው ትራኔክሳሚክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ1979 እዚያው ጃፓን ለሌላ ሕመም ሲሰጥ ማድያት እንደሚያፈዝ ታወቀ፤ ዛሬ ክኒኑ ለከበደው ማድያት ይታዘዛል፣ ደም መርጋት ላጋጠማት ሴት ግን አይሰጥም። ሌዘርና ኬሚካል መላጫ በጥቁር ቆዳ ላይ በሚያውቅ እጅ ካልሆነ ራሳቸው ጥቁር ነጥብ ይተዋሉ። በእርግዝና የመጣ ማድያት ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ እየፈዘዘ ይሄዳል። የሌላው ማድያት ደግሞ ይፈዛል፣ ቸል ሲሉት ይመለሳል። ይህን የሚነግራችሁ ሐኪም ሰነፍ አይደለም፤ እውነቱን የነገራችሁ እሱ ብቻ ነው።

«መላጥ» የሚለው አስተሳሰብ ሌላም ጉዳት አለው፦ ነጥቡ የሚናገረውን እንዳንሰማ ያደርገናል። የልጁን ማጅራት አይታ «አንገትህን አትታጠብም እንዴ?» እያለች በሳሙናና በፎጣ የምትፈትግ እናት ስንት አለች። ማጅራትና ብብት ላይ የሚወጣው ወፈር ያለ፣ ሲዳሰስ ከፋይ ጨርቅ የሚመስል ጥቁረት ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ኢንሱሊንን በደንብ እንደማይጠቀም የሚያሳይ ነው፤ የሚያስፈልገው የስኳር ምርመራ እንጂ ሳሙና አይደለም። ከንፈሩ ላይ ደጋግሞ እዚያው ቦታ እየቆሰለ ጥቁር ክብ የሚተውበት ሰውም «ምች መታኝ» ይላል፤ አንዳንዱ ምች ሳይሆን በየጊዜው የሚውጠው መድኃኒት፣ በተለይ ባክትሪምን የመሳሰለው የሰልፋ ክኒን፣ ያመጣው የቆዳ መልስ ነው። ክኒኑ ካልተተወ ዳማከሴ አያቆመውም።

ከሁሉም የሚከፋው ነጥብ ደግሞ ማንም መስታወት የማያሳየው ቦታ ነው የሚወጣው። በጥቁር ሰዎች ላይ ሜላኖማ የሚባለው ብርቱ የቆዳ ካንሰር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጥ እግር፣ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው፤ ከፀሐይም ጋር ግንኙነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2005 መስቀል አደባባይ ላይ 60ኛ ልደቱ የተከበረለት ቦብ ማርሌ የሞተው በዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የታየው ነገር መጀመሪያ የኳስ ጉዳት መስሎ ነበር፣ በ1981 በ36 ዓመቱ ገደለው። ጉንጯ ላይ ላለችው የአውራ ጣት ስፋት ለማታህል ማድያት ስድስት ቅባት የሞከረች ሴት ውስጥ እግሯን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው መቼ ይሆን?

ይህን ሁሉ ስጽፍ «ሴቶቻችን ነጭ መሆን አማራቸው» እያሉ ከመድረክ የሚዘልፉትን አልቀላቀልም። አብዛኞቹ ወደ ቱቦው የሄዱት ቀለማቸውን ሊቀይሩ አይደለም። ሰርጓ ሁለት ወር የቀራት፣ ከወለደች በኋላ ፊቷ የጠቆረ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራና አለቃዋ ስለ ፊቷ የተናገራት፣ አንዲት ነጥብ ልታጠፋ ነው የገባችው። ቅባቱ ነጥቡን ብቻ መርጦ ስለማይነካ ፊቷ ከአንገቷ ተለየ፤ አንገቷን ጨመረች፤ ከዚያ እጇን። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጥቁር ሆኖ ሲቀር ያየ ሰው ሁሉ ይስቅባታል። የዘለፋው ሰባኪም የሚያያት በዚህ ደረጃ ላይ ስትደርስ ብቻ ነው። ዘለፋውን ከሷ ይልቅ ቱቦውን እንደ ሳሙና በጠረጴዛ ላይ ካሻገረላት እጅ መጀመር ነበረበት። በሐኪም ማዘዣ ብቻ መሸጥ ያለበትን ስቴሮይድ ለፊት ብሎ የሚሰጥ ፋርማሲ ሙያውን አያውቅም ማለት አልችልም፤ አውቆ ነው የሚያደርገው። ተቆጣጣሪውም መሥሪያ ቤት ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ አንድ ሰው ልኮ «ማድያት አለብኝ» ብሎ ማስጠየቅ ይበቃዋል።

አሁን ቱቦው ቤታችሁ ላለ ሰዎች አንድ ቃል። ይህን አንብባችሁ ዛሬ ማታ አሽቀንጥራችሁ አትጣሉት። ለወራት የተቀባችሁ ከሆነ ድንገት ማቆሙ ፊታችሁን ሊያቃጥለው ይችላል፤ መላ ሰውነታችሁን የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ አደጋው ከዚህም ያልፋል። ቱቦውን፣ ስም አልባውንም ዕቃ ቢሆን፣ በቦርሳችሁ ይዛችሁ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል፣ ደሴ አጠገብ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ፣ ሌላ ቦታ ያላችሁ በቅርባችሁ ወዳለ ሆስፒታል። ሳታፍሩ ምን ያህል ጊዜ እንደተቀባችሁ ንገሩት። እንዴት እየቀነሳችሁ እንደምትወጡበት የሚያውቀው እሱ ነው።